አማካዩ ለምን ዝም አለ?

ኢንዲፔንደንት ኢንሹራንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2001 በሩን ሲዘጋ ብዙ ሰው ማመን አቃተው። ዓመት በዓመት ትርፍ የሚያውጅ፣ አክሲዮኑ በለንደን ገበያ የሚፈለግ ኩባንያ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2007 መሥራቹና ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማይክል ብራይት በማጭበርበር ሤራ ጥፋተኛ ተባለ፤ ሰባት ዓመትም ተፈረደበት። ከክሱ ውስጥ አንዱ ነገር የአክቹዋሪ ተማሪዎችን፣ ማለትም የመድን ስጋትንና ካሳን በቁጥር የሚያሰላ ባለሙያ ለመሆን የሚማሩትን፣ በቀጥታ ይመለከታል። ኩባንያው ከተጠየቀው ካሳ ከፊሉ ሆን ተብሎ ተደብቆ፣ መጠባበቂያ የሚያሰሉት አክቹዋሪዎች እጅ የሚገባው የተጓደለ መረጃ ነበር። በዚያ መረጃ ላይ የቱንም ያህል የተራቀቀ ቀመር ቢሠራ ትርፉ ያው ነው፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

የአክቹዋሪነት ፈተና ተፈታኞች ስለዚህ ኩባንያ አይጠየቁም። የሚጠየቁት «ለምርመራው ምን መረጃ ያስፈልጋል? እንዴትስ ይረጋገጣል?» ተብለው ነው። ብዙዎቹ «መረጃው ትክክለኛና የተሟላ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብለው ያልፋሉ። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት የለበትም፤ ነጥብም የለበትም። ነጥብ የሚያስገኘው መረጃው ከምን ጋር እንደሚመሳከር መናገር ነው። የተከፈለው ካሳ ድምር ከሒሳብ ክፍሉ ሌጀር ጋር ይገጥማል? ዓረቦኑ በውጭ ኦዲተር ከተመረመረው ሒሳብ ጋር ይስማማል? አምና ክፍት ሆነው በቀሩት ፋይሎች ላይ የዘንድሮው ተደምሮ የተዘጋው ሲቀነስ፣ ዛሬ ክፍት ነው የተባለውን ቁጥር ይሰጣል? ናሙና ፋይል ሲወጣም በሁለት አቅጣጫ መሆን አለበት። ከኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ወደ ወረቀቱ የሚሄድ ፍተሻ የተመዘገበው ልክ መሆኑን ያሳያል፤ ያልተመዘገበውን ግን መቼም አያገኘውም። የጎደለውን የሚያወጣው ከካሳ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ካለው ፋይል ተነሥቶ «ይህ በመዝገቡ ውስጥ አለ?» የሚለው ፍተሻ ነው። የኢንዲፔንደንትን ዓይነት ነገር የመያዝ ዕድል ያለው እሱ ነው።

ፈተናው የኢንስቲትዩት ኤንድ ፋኩልቲ ኦፍ አክቹዋሪስ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1848 ለንደን ውስጥ ከተቋቋመው ኢንስቲትዩትና በ1856 ኤድንብራ ላይ ከተቋቋመው ፋኩልቲ የተወለደ ሲሆን፣ ሁለቱ የተዋሐዱት በ2010 ነው። ከሕይወት መድን ውጭ ያለውን፣ ማለትም የተሽከርካሪውን፣ የእሳቱን፣ የባሕር ጭነቱን፣ የኃላፊነቱን መድን የሚመለከቱት ፈተናዎች ኤስፒ 7 እና ኤስፒ 8 ናቸው። የመጀመሪያው ስለ መጠባበቂያና ካፒታል፣ ሁለተኛው ስለ ዋጋ ትመና ይጠይቃል። ከእነሱ በላይ ኤስኤ 3 አለ። ሦስቱም በየመልካቸው የአክቹዋሪ ምርመራ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። መጠባበቂያው ይበቃል ወይ? ዓረቦኑ ጉዳቱን ይሸከማል ወይ? አምና የተገመተውና ዘንድሮ የሆነው ለምን ተራራቁ? የጠለፋ መድኑ፣ ማለትም ኩባንያው ራሱ ከሌላ መድን ሰጪ የገዛው ሽፋን፣ ሥራውን ሠርቷል ወይ?

ማኅበሩ ከየፈተናው በኋላ ጥያቄዎቹን ከፈታኞች ሪፖርት ጋር ያወጣል። ሪፖርቶቹን አከታትሎ ላነበበ ሰው አንድ ስሞታ አይሰወረውም። ተፈታኞች በቃል ያጠኑትን ዝርዝር ያወርዱታል እንጂ ጥያቄው ውስጥ ስለተጻፈው ኩባንያ አይጽፉም። እኔ ከዚህ አልፌ የምለው አለ። በምርመራ ጥያቄ የሚወድቅ ሰው ብዙ ጊዜ ዘዴ ስለማያውቅ አይደለም፤ ዘዴውን የጥያቄው መልስ አድርጎ ስለሚያየው ነው። ቼይን ላደር የሚባለው የመጠባበቂያ ማስሊያ ዘዴ መልስ አይደለም። ቼይን ላደር ያወጣው ቁጥር «እኔ ለምን እንዲህ ሆንኩ?» ብሎ የሚጠይቅ ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ይህን በቁጥር ያየሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ቢሮ ስብሰባ ክፍል ነው። ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በካሳ ክፍል የሚሠራ ወጣት ነው፤ ሁለተኛዋ የመድን ውል በሚመዘንበት ክፍል የምትሠራ ልጅ ናት። ሦስተኛው ዕድሜያቸውን በኢንሹራንስ ሥራ የፈጁ፣ ሁለቱም «ጋሼ» የሚሏቸው አሠልጣኝ ናቸው። ጥያቄውን ያዘጋጁት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። እንዲህ ይላል፦ «አንድ መካከለኛ የመድን ኩባንያ በተሽከርካሪ መድን የካሳ ምጣኔው ለሁለት ዓመት 66 በመቶ ላይ ቆይቶ በሦስተኛው ዓመት ወደ 82.5 በመቶ አሻቅቧል። ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ምክንያቱን እንድትመረምር ጠይቀውሃል። ምርመራህን እንዴት እንደምታካሂድ አብራራ። 14 ነጥብ።» ከሥሩ በየዓመቱ ለደረሰ አደጋ እስከ አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የተከፈለው ድምር፣ በሚሊዮን ብር፣ ተቀምጧል፤ ይህን ሦስት ማዕዘን ሠንጠረዥ ትሪያንግል ይሉታል።

አንደኛው የአደጋ ዓመት፦ 40፣ 60፣ 66
ሁለተኛው የአደጋ ዓመት፦ 44፣ 66
ሦስተኛው የአደጋ ዓመት፦ 60

ዓረቦኑ በቅደም ተከተል 100፣ 110 እና 120 ሚሊዮን ነው።

ወጣቱ ብዕሩን ከመዝገቡ ላይ ሳያነሳ አንድ ገጽ ሞላ፤ ቼይን ላደር፣ በርንሁተር ፈርግሰን፣ የአማካይ ወጪ ዘዴ፣ የእያንዳንዳቸው ጥቅምና ጉዳት። አሠልጣኙ አነበቡለት።

«ሥራ አስፈጻሚዋ የጠየቁህ ምንድን ነው?»

«ምክንያቱን፣ ጋሼ።»

«አንተስ?»

ወጣቱ ወረቀቱን አየት አደረገና ሳቀ።

«የሳቸውን ትተህ» አሉት፣ «እኔ ባለፈው ሳምንት ያስተማርኩህን መለስክልኝ። በል አሁን 82.5 ከየት እንደመጣ አሳየኝ።»

ይህኛው ቀላል ነው። ቼይን ላደር ያለፉት ዓመታት ካሳ ያደገበት ፍጥነት ለአዲሱም ዓመት ይሠራል ብሎ ይነሣል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሲሄዱ የሁለቱ የአደጋ ዓመታት ድምር፣ 84 ሚሊዮን፣ 126 ሆኗል፤ ማባዣው 1.5 ነው። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው 60ው 66 ሆኗል፤ 1.1። ስለዚህ የሦስተኛው ዓመት 60 ሚሊዮን በ1.5 እና በ1.1 ሲባዛ የመጨረሻ ወጪው 99 ሚሊዮን ይሆናል፤ ለ120 ሲካፈል 82.5 በመቶ። ገና የሚከፈለው፣ ማለትም የዚያ ዓመት መጠባበቂያ፣ 39 ሚሊዮን ነው።

«ጥሩ» አሉ አሠልጣኙ። «ታዲያ 60ው ለምን 60 ሆነ? ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ልማድ ብትነሣ 48 ነበር የሚሆነው።»

ምርመራው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሚከፈል ገንዘብ የሚበዛው በጥቂት ምክንያቶች ነው፤ አደጋው በዝቷል፣ የአንዱ አደጋ ወጪ ጨምሯል፣ ወይም ኩባንያው ቶሎ ከፍሏል። ሦስተኛው ከሁለቱ ይለያል። ቶሎ መክፈል የመጨረሻውን ወጪ አይጨምርም፤ ቼይን ላደር ግን ልዩነቱን አያውቅምና ቶሎ የተከፈለውንም እንደ ተጨማሪ ጉዳት ቆጥሮ በ1.65 ያባዛዋል። አንዱን ከሌላው ለመለየት ከገንዘቡ ጎን የፋይል ብዛት ያስፈልጋል። ጥያቄው ላይ ግን የለም። ልጅቷ ጠየቀች፤ አሠልጣኙም ከኪሳቸው ሌላ ወረቀት አወጡ። ለካ አውቀው ነው የደበቁት። «ያልጠየቀ አይሰጠውም» አሉ። በዋናው ፈተና ላይም «ይህን መረጃ እጠይቃለሁ፤ የምጠይቀውም በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ራሱን የቻለ መልስ ነው።

በወረቀቱ መሠረት በየዓመቱ የተመዘገቡት ፋይሎች 1,600፣ 1,760 እና 1,920 ናቸው። በዚያው ዓመት የተዘጉት ደግሞ 1,000፣ 1,100 እና 1,500። ከመቶው የተዘጋው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 62.5 ነበር፤ በሦስተኛው 78 ደረሰ።

«ዘመቻ ተደርጓል ማለት ነው» አለ የካሳ ክፍሉ ወጣት። «ፋይል ይዘጋ ሲባል እንዲህ ነው የሚሆነው።» ከሦስቱ ሰዎች ይህን በቅጽበት ያየው እሱ መሆኑ አይገርምም፤ ሥራው ነው። መጽሐፉን ሲያጠና ግን የሚያውቀውን ቢሮ ጥሎት ይመጣል። ይህ ችግር የእሱ ብቻ አይመስለኝም።

ወዲያው ወደ በርንሁተር ፈርግሰን ዞረ። ዘዴው በሁለት አሜሪካውያን አክቹዋሪዎች ስም የሚጠራ ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። እስካሁን የተከፈለውን አንዴ ባለበት ተወው፤ ገና ለሚመጣው ግን የቀድሞ ግምትህን ተጠቀም። የቀድሞው ግምት 66 በመቶ ከሆነ የ120 ሚሊዮኑ ዓረቦን የመጨረሻ ወጪ 79.2 ሚሊዮን ነው። በቆየው ልማድ በአንደኛው ዓመት መጨረሻ የሚከፈለው 1 ለ1.65 ሲካፈል፣ ማለትም 60.6 በመቶ ነውና ቀሪው 39.4 በመቶ ይሆናል። መጠባበቂያው 31.2 ሚሊዮን፣ ምጣኔው 76 በመቶ ወጣ።

«ወረደልህ» አሉ አሠልጣኙ፣ «ግን አልሸሹም ዞር አሉ። 39.4ቱን ከየት አመጣኸው?»

ከዚያው ከድሮው የክፍያ ፍጥነት ነው። ኩባንያው ፈጥኖ ከሆነ ያ መቶኛ አርጅቷል፤ በርንሁተር ፈርግሰን የከፋውን ጫፍ ቢያለዝበውም ከስህተቱ አላመለጠም። «ቼይን ላደር ካልታመነ በርንሁተር ፈርግሰንን እጠቀማለሁ» የሚለው የተለመደ መልስ በዚህ ጥያቄ ላይ ግማሽ መንገድ ብቻ የሚሄደው ለዚህ ነው። የክፍያ ፍጥነት ሲለወጥ የቆየውን ትሪያንግል ወደ አዲሱ ፍጥነት አስተካክሎ መሥራትን በርኲስትና ሸርማን በ1977 ባወጡት ጽሑፍ አሳይተዋል። ስማቸውን መጥራት ግዴታ አይደለም፤ ሐሳቡን መጻፍ ግን ነጥብ አለው።

ልጅቷ በሌላ መንገድ መጣች። የመጀመሪያው ዓመት 66 ሚሊዮን በዚያው ዓመት ለተመዘገቡት 1,600 ፋይሎች ሲካፈል 41,250 ብር ነው። የሁለተኛው ዓመት የመጨረሻ ወጪ፣ 72.6 ሚሊዮን፣ ለ1,760 ሲካፈልም 41,250። እንግዲህ 1,920 ፋይል በ41,250 ሲባዛ 79.2 ሚሊዮን። ምጣኔው 66 በመቶ፤ መጠባበቂያው 19.2 ሚሊዮን ብቻ ሆነ። ከ39 ሚሊዮን ወደ 19.2! ወጣቱ ጠረጴዛውን መታ። ችግር የለም፤ ካሳ ክፍሉ ጎበዝ ሆኖ ነው እንጂ ኩባንያው ሰላም ነው።

አሠልጣኙ አልተደሰቱም። «የተዘጋውን ፋይል አማካይ አውጡልኝ።»

40 ሚሊዮን ለ1,000፣ 44 ሚሊዮን ለ1,100፣ 60 ሚሊዮን ለ1,500። ሦስቱም ዓመት ላይ 40,000 ብር።

«ይኸው» አለ ወጣቱ። «ዋጋ አልጨመረም።»

ልጅቷ ግን ዝም ብላ ቆየችና «ጋሼ» አለች፣ «ሦስተኛው ዓመት ብሩ ከተለቀቀ በኋላ ያለው ዓመት ቢሆንስ?»

ለአዲስ አበባ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። የመኪና መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው። መለዋወጫ በጨመረበት ዓመት የተሽከርካሪ ካሳ አማካይ ከ40,000 ንቅንቅ ካላለ፣ የሆነ ነገር ደብቆታል ማለት ነው።

ምን ሊደብቀው ይችላል? ዘመቻው። ፋይል ዝጉ የተባለ ሰው ቀላሉን ያስቀድማል፤ የተሰበረውን መስታወት፣ የተጫረውን በር፣ የተቀጠቀጠውን ፓራውልት። ጋራዥ ገብቶ መለዋወጫ የሚጠብቀው መኪና ፋይል ይቆያል። ስለዚህ ከተዘጉት 1,500 ፋይሎች ውስጥ ከወትሮው የበዛው ትንንሽ ካሳ ሊሆን ይችላል። የትንሹ ካሳ መብዛት አማካዩን ወደ ታች ይስበዋል፤ የዋጋው ንረት ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱ ተጣፍተው አማካዩ ባለበት ቆመ። የቆመ ቁጥር እንግዲህ ምንም አልሆነም የሚል ምስክር አይደለም።

ይህ እውነት ከሆነ ቀሪዎቹ 420 ፋይሎች ከባዶቹ ናቸው። አሠልጣኙ በሰሌዳው ላይ አሰሉት። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ 600 ፋይል ክፍት ነበር፤ በኋላ የተከፈለው 26 ሚሊዮን ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍት ፋይል 43,333 ብር ገደማ። የልጅቷ 19.2 ሚሊዮን ለ420 ሲካፈል 45,714 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው የሚበልጠው በአምስት ተኩል በመቶ ብቻ ነው። የቀሪዎቹ ፋይሎች ወጪ በግማሽ ጨምሮ ቢሆን ግን 65,000 በ420 ሲባዛ 27.3 ሚሊዮን ይሆናል፤ ምጣኔውም ወደ 73 በመቶ ይጠጋል። በግማሽ ይጨምራል ያለ ማንም የለም፤ ለማሳየት የተወሰደ ቁጥር ነው። ለማወቅ ግን መጠየቅ የሚገባው ነገር አሁን ጥርት ብሎ ታየ። የተዘጉትና ክፍት ያሉት ፋይሎች በመጠን ደረጃ ተከፋፍለው፣ የመለዋወጫና የእጅ ዋጋ ተለይቶ፣ በእያንዳንዱ ክፍት ፋይል ላይ የተያዘው ግምት ለመጨረሻ ጊዜ የተከለሰው መቼ እንደሆነ። ዋጋው ከመናሩ በፊት ተገምቶ ያልተነካ ፋይል የድሮ ብር ነው የሚናገረው።

ልጅቷ ከራሷ ክፍል ሌላ ጥርጣሬ ጨመረች፤ እኔ የቀኑ ምርጥ ሐሳብ እሱ ነበር እላለሁ። በየዓመቱ በአንድ ሚሊዮን ብር ዓረቦን 16 ፋይል ተመዝግቧል። ሦስቱም ዓመት እኩል ስለሆነ የአደጋው ድግግሞሽ አልጨመረም ብሎ መደምደም ይቀላል። ግን ዓረቦን መኪና አይደለም። ሙሉ ሽፋን ያለው ውል ዓረቦን የሚሰላው ከመኪናው ዋጋ ተነሥቶ ነው። የመኪና ዋጋ ሲንር ባለንብረቱ የመድን ገንዘቡን ከፍ ያደርጋል፤ ዓረቦኑም አንድ መኪና ሳይጨመር ያድጋል። ከ110 ወደ 120 ያደረሰው ይህ ከሆነና የመኪናው ቁጥር ካልተነቃነቀ፣ ከ1,760 ወደ 1,920 ያደገው ፋይል የድግግሞሽ ጭማሪ ነው፤ ዘጠኝ በመቶ። ዓረቦኑን ብቻ ያየ ሰው አያገኘውም። ስለዚህ የሚያስፈልገው በውሉ ዘመን የተሸፈነው መኪና ቁጥር በመኪና ዓመት ተሰልቶ፣ በዓይነት ተለይቶ ነው፤ የቤት መኪና፣ የጭነት፣ የሕዝብ ማመላለሻ። የታክሲና የቤት መኪና ድርሻ ከተቀያየረም ድምሩ ብቻውን ብዙ ይዋሻል። ባለንብረቱ ዋጋውን ከፍ ሳያደርግ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ዓረቦኑ የድሮ፣ ጥገናው የዛሬ ዋጋ ይሆናል።

የሦስተኛ ወገን ካሳው በበኩሉ ተለይቶ መታየት አለበት። በአገራችን የግዴታው ሽፋን በሕግ የተጣለ ጣሪያ አለው። ዋጋ ሲንር ከጣሪያው በታች ያለው ካሳ ያድጋል፤ ጣሪያ ላይ የደረሰው ከዚያ አያልፍም። ሁለቱን በአንድ ትሪያንግል ጨፍልቆ አንድ የንረት መጠን መጫን በሁለቱም በኩል ያሳስታል።

ንረት ግን የሚመጣው በገበያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ለፈተና የሚያዘጋጁ ሰዎች በደንብ የሚያውቁት ምሳሌ አለ። በመኪና አደጋ አካሉን አጥቶ ዕድሜ ልኩን እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ሰው ፍርድ ቤት የወደፊቱን ወጪ በአንድ ጊዜ ያስከፍላል። የወደፊቱ ወጪ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመለስበትን የቅናሽ መጠን የሚወስነው መንግሥት ነው፤ ኦግደን መጠን ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ 2.5 በመቶ ነበር። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2017 ከዜሮ በታች 0.75 በመቶ እንደሚሆን ተነገረ፤ በሚቀጥለው ወር ሥራ ላይ ዋለ። በየዓመቱ 100 ሺህ ፓውንድ ለ40 ዓመት የሚያስፈልገው ሰው በድሮው መጠን ወደ 2.51 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር የሚያገኘው፤ በአዲሱ ወደ 4.69 ሚሊዮን። አደጋው ያው ነው፤ ተጎጂውም ያው። ከለውጡ አምስት ዓመት በፊት የደረሰውም ጉዳይ ካልተዘጋ በአንድ ቀን ተወደደ።

ይህ ለተፈታኝ የሚያስተምረው ትሪያንግሉን በስንት አቅጣጫ ማንበብ እንዳለበት ነው። በአግድም ካነበበው አንድ የአደጋ ዓመት ሲያድግ ያያል፤ በቁመት ካነበበው ዓመታቱን በእኩል ዕድሜ ያነጻጽራል። በሰያፍ ሲያነብበው ግን በአንድ የሒሳብ ዓመት ውስጥ በሁሉም የአደጋ ዓመታት ላይ የሆነውን ያያል። የኦግደን ለውጥ፣ የብሩ መለቀቅ፣ የፋይል መዝጋት ዘመቻ፣ አዲስ የካሳ ኃላፊ፣ አዲስ ሶፍትዌር፣ ሁሉም የሚታዩት በሰያፉ ነው። ቼይን ላደር ደግሞ ሰያፉን አያይም። በኋላ የኦግደን መጠን በ2019 ወደ ከዜሮ በታች 0.25 በመቶ፣ ለእንግሊዝና ዌልስም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ወደ 0.5 በመቶ መጥቷል። እያንዳንዱ ለውጥ በትሪያንግሉ ላይ አንድ ሰያፍ መሥመር ትቷል። የለውጡን ተጽዕኖ ከመረጃው ሳያጸዱ ማባዣ ማውጣት አንድ ጊዜ የሆነውን በየዓመቱ እንደሚሆን መቁጠር ነው።

ስለ ጊዜና ስለ ትእዛዝ ቃላት ብዙ አልልም፤ የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጪው ሁሉ ይለዋል። ፈተናው በ100 ነጥብ ይታረማል፤ በሦስት ሰዓት ስናስበው ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ ይደርሳል፤ 14 ነጥብ ማለት 25 ደቂቃ ገደማ ነው። «ዘርዝር» ያለው ጥያቄ አጭር ሐረግ ይበቃዋል፤ «አብራራ» ያለው «ምክንያቱም» የሚል ቃል ይፈልጋል፤ «ተወያይ» ያለው ተቃራኒውንም ወገን ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ሰዎች መልሱን ለማራዘም አንዱን ሐሳብ በሦስት አነጋገር ይደጋግሙታል። ፈታኙ የሚቆጥረው ሐሳብ ነው፤ ድጋሚው አይቆጠርም። ሐሳብ ያለቀበት ተፈታኝ አዲስ ቃል ከሚፈልግ የኩባንያውን ክፍሎች አንድ በአንድ በዓይነ ሕሊናው ቢዞር ይሻለዋል። ውል የሚመዝነው ክፍል ምን ለወጠ? የካሳ ክፍሉስ? ሒሳብ ክፍሉ ዓረቦኑን መቼ መዘገበው? ገበያው፣ ሕጉ፣ አየሩ፣ ተፎካካሪው? ከየክፍሉ አንድ ምክንያት ቢወጣ እንኳ ወደ አሥራ አራቱ ነጥብ ያቀርባል፤ እያንዳንዱም ከጥያቄው ኩባንያ ጋር ተያይዞ ይወጣል።

ወደ ማታ ገደማ አሠልጣኙ የመጨረሻውን ንዑስ ጥያቄ ሰጧቸው፤ «ለዋና ሥራ አስፈጻሚዋ የምታቀርበውን መደምደሚያ ጻፍ። 3 ነጥብ።» ብዙ ተፈታኝ ጊዜ አጥሮት የሚተወው ይህ ነው፤ ሥራ አስፈጻሚዋ ከመላው ሪፖርት ምናልባት የሚያነቡትም ይህን ብቻ ነው። ከ19.2 እስከ 39 ሚሊዮን ባለው መሀል አንዱን መርጦ፣ ለምን እንደተመረጠ፣ ምን ቢሆን እንደሚለወጥ መንገር ይጠይቃል። እውነተኛውን ቁጥር ማንም አያውቅም፤ የሚጠበቀው የቱ ግምት በየትኛው ማስረጃ ላይ እንደቆመ መናገር ነው።

ወጣቱ የጻፈው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» ይላል። አሠልጣኙ ሠረዙበት። «ምን ጥናት? በማን? እስከ መቼ?»

ሁለተኛው ሙከራው እንዲህ ነበር፦ «ምጣኔውን ወደ 82.5 በመቶ ያደረሰው ጭማሪ ከፊሉ ፋይሎች በፍጥነት በመዘጋታቸው የመጣ ስለሆነ ሙሉውን መቀበል አይገባም። ነገር ግን የመለዋወጫ ዋጋ በቀሩት 420 ፋይሎች ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ወደ 66 በመቶም አንመለስም። ለጊዜው 27.3 ሚሊዮን መጠባበቂያ ይያዝ። ከፍተኛ ግምት ያላቸው ክፍት ፋይሎች በሁለት ሳምንት ውስጥ በካሳ ክፍሉ ኃላፊ በአዲሱ ዋጋ እንደገና ይገመቱ፤ የተሸፈኑት መኪናዎች ቁጥር በዓይነት ይቅረብልኝ፤ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ቁጥሩ ይከለሳል።»

አሠልጣኙ ሁለት ተኩል ሰጡት። ሙሉ ሦስት ይገባኛል ብሎ ተከራከረ።

«ይህ ቁጥር የኩባንያው ድርሻ ነው ወይስ የጠለፋ መድኑም አለበት?»

ወጣቱ ትሪያንግሉን ከላይ እስከ ታች ፈለገው። አልተጻፈም።

«ታዲያ አልጠየቅክማ!» አለችው ልጅቷ።